የጳጉሜን ስድስተኛዋ ቀን

ካርቱም ለከረመ ሐበሻ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በቤቱ መስከረም ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ወር ዘጠኝ ነው፤ በጎረቤቱ ዘንድ ደግሞ ሻዕባን ወይም ረመዳን ነው። ክርስትናው የሚነሣውና ሰርጉ የሚደገሰው በአንደኛው፣ ደመወዙ የሚከፈለውና ኢቃማው የሚታደሰው በሁለተኛው፣ የምግብ ቤቱ በር ቀን የሚዘጋው ወይም የሚከፈተው በሦስተኛው አቆጣጠር ነው። ሰዓቱም ከቀኑ አይሻልም፤ እኛ ስምንት ሰዓት የምንለውን ሱዳናውያኑ ሁለት ይሉታል። ይህን ሁሉ በአንድ ጭንቅላት ይዞ መኖር የሚከብደው ለእንግዳ ብቻ ነው፤ እኛ ዓመታት የኖርንበት ሰዎች አንሳሳትም እንል ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አልሳሳትም ባይ ነበርሁ። በአንድ የንግድ ቤት ሂሳብ ያዥ ሆኜ ስሠራ ቀን መጻፍ እንጀራዬ ነበርና።

የተሳሳትሁት አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ስል በአንድ ወቅት ማለቴ ሳይሆን የስሕተቱ መጠን አንድ ቀን ነበር ማለቴ ነው። ዕዳውን የከፈለችው ግን የእኅቴ ልጅ ናት፤ የከፈለችውም አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

በ1999 ዓ.ም. ልጅቱ ጎንደር ላይ የመሰናዶ ትምህርቷን ጨርሳ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ወሰደች። ውጤቷ መልካም ነበር። ሕክምና ለመግባት ግን መልካም ውጤት ብቻ እንደማይበቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የተመደበችው ወደ ሌላ ትምህርት ሆነ። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሐኪም ከመሆን በቀር ሌላ ምኞት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ጎንደር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በየመንገዱ የሚታይባት ከተማ ናትና ምኞቷ ለማንም እንግዳ አልነበረም። እኅቴ በስልክ ስታጫውተኝ ድምፅዋ ከልጇ ይበልጥ አዝኖ ነበር። እኔም ሳላመነታ «እትዬ፣ ወደ እኔ ላኪያት፤ እዚህ የግል የሕክምና ኮሌጆች አሉ፤ እኔ አስገባታለሁ» አልኋት።

በዚህ ረገድ ያልሁት ከንቱ ጉራ አልነበረም። በሕክምና ትምህርት ካርቱም አዲስ አበባን አርባ ዓመት ትቀድማለች። በእንግሊዞች ዘመን የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ በ1951 ከጎርደን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም አካል ነው። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ሥራውን የጀመረው በ1964 ነበር። ኦምዱርማን የሚገኘው የአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1990 የሕክምና ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የግሎቹ በዝተዋል። የውጭ አገር ተማሪ በውጭ ገንዘብ ይክፈል እንጂ በሩ አይዘጋበትም ነበር።

በሩ ባይዘጋም የሚዘጋበት ቀን አለው። አንድ የግል የሕክምና ኮሌጅ ሄጄ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን በገዛ እጄ ቀዳሁ፤ የማመልከቻው ማብቂያ 2/10/2007፣ እስከ ቀኑ ሁለት ሰዓት፣ ማለትም በእኛ እስከ ስምንት። የትምህርት ማስረጃው ዋናው መቅረብ አለበት፤ ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም፤ ፋክስማ ስሙም አይነሣ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወረቀቱ በፈተና ድርጅቱ፣ ከዚያም አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሱዳን ኤምባሲ መረጋገጥ፣ ወደ ዐረብኛም መተርጎም ነበረበት። ካርቱም ያሉ ወገኖቻችን «ተውሲቅ» የሚሉት ይህንን ነው። ማኅተም በማኅተም ላይ ሲደረብ ማየት ያላየው ሰው ቀላል ይመስለዋል።

የዚያን ዕለት ማታ ጎንደር ደወልሁ። ኦክቶበር 2 በእኛ መስከረም 22 ነው ብዬ ነገርኋት። ለዚህ ስሌት እርሳስ እንኳ አላነሣሁም፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ከሆነ መስከረም 20 መቼ እንደሚውል፣ ኦክቶበር ከየት እንደሚጀምር ከተማሪ ቤት ጀምሮ በአፌ ያለ ነገር ነው። እኅቴ ግን ቀንን በቁጥር ሳይሆን በታቦት የምትይዝ ሰው ናት። «የግሸን ማርያም ማግስት ነው በለኛ!» አለችኝ። «አዎን፣ ማግስቷ» አልኋት። ቀጥዬም፣ እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ ሆዴን የሚበላኝ፣ «በተመደበችበት አትመዝገብ፤ ሁለት ቦታ እግር ማድረግ ሁለቱንም ያሳጣል» አልሁ። አዋቂ መስዬ።

የዚያ ዓመት መስከረም ምን ይመስል እንደነበር ያስታወሰ ያስታውሰዋል። ሁለት ሺህ ዓመት የሞላንበት ነበር። አዲስ አበባ በበዓሉ ዋዜማና ሰሞን ቢሮ ሁሉ ወይ ዝግ ነው ወይ ባለጉዳዩን ለነገ የሚቀጥር ነው፤ እዚህ ካርቱም ደግሞ የእኛን ዓውደ ዓመት ተከትሎ በዚያው ሰሞን ረመዳን ገባና የሥራ ሰዓቱ አጠረ። በዴም ሰፈር ያሉ ቤቶቻችን በዐደይ አበባ ፋንታ ባገኙት ቢጫ ነገር ሁሉ አጊጠው ነበር፤ የሱዳን ጎረቤቶቻችን «ሁለት ሺህን እኛ ካሳለፍነው ሰባት ዓመታችን!» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። የልጅቱ ወረቀት በዚህ ሁሉ መካከል ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቆይቶ መስከረም 18 ቀን ተጠናቀቀ። እርሷም በ20 ማለዳ ከጎንደር ተነሥታ በመተማ በኩል ገላባት ተሻገረች፤ በ21 ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም የሚመጣውን አውቶቡስ ያዘች። እንደ ስሌታችን አንድ ሌሊት አዳሪ ጊዜ ተርፏት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ለአንድ ደንበኛ ደረሰኝ ስጽፍ በቀኑ ቦታ ላይ 2/10/2007 ብዬ ጻፍሁ። እጄ ጽፎ ጨረሰ፤ ዐይኔ ግን ከወረቀቱ አልነሣ አለ። ከቤተ ክርስቲያን የገዛሁት፣ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ የቀን መቁጠሪያ ከወንበሬ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ዞሬ አየሁት። መስከረም 21። ግሸን ማርያም። ማግስቷ አይደለም፤ ራሷ ናት።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ያን ጊዜ ተከታዩ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነው። ይህች አንድ ቀን ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪያቸውን 29 እስኪያደርጉት ድረስ፣ ማለትም እስከ እኛ የካቲት 21 ድረስ፣ ሳትታረም አብራን ትጓዛለች። ከዚያ በኋላ ወደ ተለመደው ስሌት እንመለሳለን። 1999 ዓ.ም. ጳጉሜኗ ስድስት የነበረች ዓመት ናት። የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም ነገር ይህን ማወቄ ነው። ሚሊኒየሙን ሴፕቴምበር 12 ቀን ሲያከብር ያመሸው ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ራሴ ያን ሌሊት ዴም ውስጥ ችቦ ይዤ ነበር። ማወቅና በተማሪ ቤት የተሸመደደውን ቃል መርሳት ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ደረሰኙን ለደንበኛው ሰጠሁና ራክሻ ይዤ ወደ ኮሌጁ በረርሁ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ሰው በዕድሜ የገፉ፣ ፊታቸው ላይ የጾም ድካም የሚነበብ አዛውንት ነበሩ። ስለ ልጅቱ፣ ስለ ጳጉሜን፣ ስለ ገዳሪፍ መንገድ አንድ ባንድ ዘረዘርሁላቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ጳጉሜን የሚሏት ዐሥራ ሦስተኛ ወር መኖሯ ራሱ ደንቋቸው ኖሮ ስሟን ደጋግመው አስጠሩኝ። «ዋናው ወረቀት የታለ?» አሉኝ በመጨረሻ። «በመንገድ ላይ ነው» አልሁ። የአመልካቾቹ ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ወደ ሚኒስቴር እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ስም እንደሌለ አስረዱኝ። በካርቱም በኖርሁበት ዘመን ሁሉ በየቢሮው መስኮት «ቡክራ» ስባል ኖሬያለሁ፤ ቃሉን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። ያን ዕለት ቡክራ የሚለኝ ሰው አጣሁ። «ኻላስ» አሉኝ።

በረመዳን ምሽት የካርቱምን ጎዳና ያየ ሰው አይረሳውም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የየቤቱ ወንዶች ምንጣፍ ከደጅ አንጥፈው ትሪ ይዘው ይወጣሉ፤ መንገደኛውን በእጁ እየጎተቱ ያስቀምጡታል፤ ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም። መናኸሪያው አጠገብ እኔንም እንዲሁ ጎትተው አስቀምጠውኝ ነበር። ተምር በእጄ እንደያዝሁ አውቶቡሱ ገባ። ልጅቱ አቧራ ለብሳ ወረደች። ሻንጣዋን ለረዳቱ ትታ የላስቲክ ማኅደሩን ግን በደረቷ አቅፋዋለች። እኔን ስታይ ሮጣ መጥታ «ጋሼ! አንድ ቀን ቀድሜ ደረስሁ!» አለችኝ።

ያን ሌሊት አልነገርኋትም። ቤት ወስጄ አበላኋት፤ ባለቤቴ ዐይን ዐይኔን ታየኝ ነበር። የነገርኋት በማግስቱ ነው፣ ማለዳ፣ ለኮሌጁ ብላ ነጭ ሸሚዟን ስትተኩስ። ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። «በጎንደር በኩልስ?» ብቻ አለች። በዚያ በኩል የምዝገባው ቀን አልፎ ነበር። እኅቴ በስልክ ሰምታ ዝም አለች፤ ቆይታም «እንግዲህ ማርያም ታውቃለች» ብላ ዘጋችው። እስከ ገና ድረስ ራሷ ደውላ አታውቅም፤ ስደውልላት የምታነሣው ሌላ ሰው ነበር።

ልጅቱ ያን ዓመት በከንቱ አላሳለፈችም ብል እውነት ነው፤ ይህን የምለው ግን ራሴን ለማጽናናት መሆኑ አይጠፋኝም። ዐረብኛ ተማረች፤ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ቡና እያፈላች ለደብተርና ለትራንስፖርት የሚሆናትን ሠራች። በሚቀጥለው ዓመት እ.ኤ.አ. ኦገስት 2008 ላይ፣ ገና በሩ ሲከፈት፣ አብረን ወደዚያው መስኮት ሄድን። ሰውየው ሌላ ነበሩ። ሰርተፊኬቱን ገልጠው አዩና መለሱልን። «ይህ እኮ የ1999 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ማስረጃ አንቀበልም» አሉ። እኔ አፌ ተሳሰረ። የመለሰችላቸው እርሷ ናት፤ በዚያ አንድ ዓመት በተማረችው ዐረብኛ «በእኛ አገር ዘንድሮ 2000 ነው» አለቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው «እናንተ አገር ዘንድሮ ሁለት ሺህ ከሆነ እኔም ወደዚያ ልምጣ፤ ያን ጊዜ ጠጉሬ ጥቁር ነበር» ብለው ሳቁ። ቢሆንም የኤምባሲ ደብዳቤ አምጡ አሉን። አመጣን። ዘጠኝ ቀን ወሰደብን፤ ግን የማብቂያው ቀን ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቃለ መጠይቁ፣ የጤና ምርመራው፣ የኢቃማው እድሳት መጣ፤ በመጨረሻም የክፍያው ቀን። ይህኛው ቀን በሦስቱም አቆጣጠር ያው ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው በየትኛውም አይሞላለትም። የዴም ዕቁብተኞች ዕጣ ሳይጣል የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። የሚያልፈውን ቀን የሚገዛ ዕቁብ ከመሆኑ በላይ ምን እላለሁ።

እኔም ከዚያ ወዲያ ደብተር ያዝሁ። አራት ዓምድ ያለው ነበር፤ የእኛ ቀን፣ የፈረንጁ ቀን፣ የሂጅራው ቀንና የሳምንቱ ዕለት። የሳምንቱ ዕለት የምትናቅ አይደለችም፤ ሦስቱን አቆጣጠር ያስታረቀችልኝ እርሷ ናት፤ ማክሰኞ በጎንደርም በካርቱምም በመካም ማክሰኞ ነው። ያን ምሽት «ማክሰኞ» ብዬ ለእኅቴ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ቀስ በቀስም ሰፈሩ ነገሩን ሰማና ልጁን ሕክምና ማስገባት የሚፈልግ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ እኔ ቤት መምጣት ጀመረ። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «የሚዘጋው መቼ ነው?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፤ «በጣም የሚዘገየው ማኅተም የቱ ነው?» የሚዘጋበትን ቀን ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ኤምባሲው ስንት ቀን፣ አስተርጓሚው ስንት ቀን፣ ከአዲስ አበባ መንገደኛ እስኪገኝ ስንት ቀን። እንዲህ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ቀን ያለፈው ሰውየው ከመጠየቁ በፊት ሆኖ ይገኛል።

ከካርቱም አልፈው የሚያስቡም ነበሩ። እንግሊዝ አገር ሕክምና ለመማር የሚሻ ማመልከቻው ከሌላው ትምህርት ቀድሞ በኦክቶበር አጋማሽ ይዘጋበታል፤ ትምህርቱ የሚጀመረው ግን በሚቀጥለው ዓመት መሆኑን ስነግራቸው የማያምኑኝ ነበሩ። አሜሪካ ደግሞ ሰው ሕክምና የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ነው፤ ማመልከቻው በሜይ ይከፈታል፤ ትምህርት ቤቶቹም ቀድሞ የደረሰውን ቀድመው ስለሚያዩ በመጨረሻው ቀን የደረሰ ሰው በሕጉ አልዘገየም፤ ወንበሩ ግን ተይዞ ይጠብቀዋል። በእኛም አገር ነገሩ ተለዋውጧል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ ትምህርት ይወስዳል፤ ለሕክምና የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያቺ ወሳኝ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ወደ ግቢው ውስጥ ገብታለች ማለት ይቻላል። ደጃፉ ግን ይበልጥ ጠብቧል፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

አንድ ወጣት ደግሞ በሰዓት ተሸወደብኝ፤ ለዚህ ጥፋተኛው እኔ አይደለሁም። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሰዓቷ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 2017 መንግሥቱ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ልጁ አዲስ አበባ ወዳለ ቢሮ በኢንተርኔት የሚላከውን ማመልከቻ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ላክሁ ብሎ ፎከረልኝ። በዚያ በኩል ሌሊቱ ከተጋመሰ ሃምሳ ደቂቃ አልፎት ነበር።

የእኅቴ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ፣ በካርቱም ጥቂት ሠርታ ወደ አገሯ ተመለሰች። ዛሬ ጎንደር ሐኪም ናት። በየዓመቱ ለግሸን ማርያም ትደውልልኝና «ጋሼ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ትለኛለች። «በየትኛው?» እላታለሁ። እኅቴ ከኋላ ስትስቅ ይሰማኛል፤ ይህን ሳቅ ለመስማት ብዙ ዓመት ጠብቄያለሁ።

ደብተሩ ግን የለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ለእኛ ቅዳም ሥዑር፣ ለጎረቤቶቻችን ረመዳን ሊፈታ ሳምንት የማይሞላ ጊዜ የቀረው። ድፎው ተጋግሮ፣ ዶሮው ታርዶ ነበር። ተኩሱ ጠዋት ተጀመረ፤ ፋሲካን የፈታነው ከአልጋ ሥር ተኝተን ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዴምን ለቀን ስንወጣ ፓስፖርትና የልጆች ሰርተፊኬት እንጂ ሌላ ነገር የያዘ አልነበረም፤ በዚህ እንኳ ተምሬያለሁ።

ከደጃችን ፊት ለፊት የነበሩት ሱዳናውያን ቤተሰቦች ወደ ፖርት ሱዳን ሸሹ። ትልቋ ልጃቸው በዚያ ዓመት የሱዳንን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የምትወስድ ነበረች፤ እርሷም ሐኪም መሆን ነው ምኞቷ። ፈተናው ተራዘመ፤ ተራዘመ፤ የ2023ቱ ተፈታኞች የተፈተኑት ዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ጦርነቱ ከተነሣ ከሃያ ወር በኋላ ነው። እኔ አንዲት ልጅ አንድ ዓመት ስላስከፈልሁ ዕድሜዬን ሙሉ ሳፍር ኖሬያለሁ፤ የእነዚህን ልጆች ዓመታት ግን እንዲህ ብሎ የሚያፍርባቸው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ልጅቱ በ2017 ዓ.ም. ክረምት በስልኳ አንድ ማስታወቂያ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። የአንድ የኢትዮጵያ የሕክምና ኮሌጅ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ። «ዐሞ፣ ይህን አንብብልኝ፤ የሚዘጋው መቼ ነው?» ትላለች። ነሐሴ 30 ይላል። እርሳስ አነሣሁ። የዓመቱ ጳጉሜን አምስት ናት ወይስ ስድስት? አምስት ናት፤ ስድስት የምትሆነው በ2019 መጨረሻ ነው። ከግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ ለማረጋገጥ ጎንደር ደውዬ የእኅቴንም ልጅ ጠየቅሁ፤ ልጅቱ ከመጣች የምታርፈው እርሷ ቤት ነውና። ከዚያ በኋላ ጻፍሁላት፦ 5/9/2025፣ አርብ።

«አርብ? አርብ ቀን ቢሮ ክፍት ነው?» ብላ መለሰችልኝ።

«በኢትዮጵያ ክፍት ነው» አልኋት፤ «አንቺ ግን ሐሙስ ድረሺ።»